የስፖርት መምህር ተሙማውን ሜዳ ላይ እንዴት ይሠራል? ደረጃ በደረጃ

መስከረም ላይ የተሙማ (የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ዕቅድ አስገቡ ሲባል ከስፖርት መምህራን የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ለእኛ ትምህርት ተብሎ የሚሰጥ ሥልጠና የለም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልሙላው?» ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ያው ጥያቄ ይመለሳል፤ ያኔ ግን «የተሞላ ፎርም ካለህ ላክልኝ» ወደሚል ተቀይሮ ነው። የተሞላ ፎርም ማንንም አያሳድግም። ከዚህ በታች ያለውን ተከትላችሁ ከሠራችሁ ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ነገር ከራሳችሁ ሜዳ ይወጣል፤ ተማሪዎቻችሁም ከዛሬው የበለጠ ይንቀሳቀሳሉ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሜዳችሁ ላይ የሚታይ አንድ ችግር ትመርጣላችሁ፤ ከአንድ ባልደረባ ጋር ሆናችሁ በሰዓት ትለኩታላችሁ፤ አንድ ነገር ትቀይራላችሁ፤ እንደገና ትለኩታላችሁ። በተሙማ ዑደት ውስጥ ያሉት አራቱ ሥራዎች፣ መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። መመሪያው ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ለምታስተምሩና የትምህርት ቤት ስፖርት ክበብ ለምታስተባብሩ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስቶፕዋች ያለው ስልክ።
- ለሜዳ ብቻ የሚያገለግል አንድ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ዝናብና ላብ ሲነካው ይደበዝዛል።
- የክፍሉ ስም ዝርዝር፣ የዓመቱ ዕቅድና የመምህሩ መምሪያ።
- ፊሽካ፣ ሜትርና ረዘም ያለ ገመድ።
- ኮን። ከሌለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ ወገቡ አሸዋ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ። ድንጋይ በኮን ፋንታ አትጠቀሙ፤ የረገጠው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል።
- 10 የጨርቅ ኳስ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ መስቀልኛ እሰሩት። በአንድ እጅ የሚጨበጥ ይሁን።
- ለመስመር አመድ ወይም ኖራ። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች በእጃቸው እንዳይበትኑት፤ ነፋስ ካለ አመዱ ይሻላል።
- የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን።

የጊዜ አከፋፈል

የትምህርት ሚኒስቴር የተሙማ ማዕቀፍ ከአንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠብቃል። በእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት አንድ ሙሉ ዑደት ብትሠሩ፣ ለአንዱ 30 ሰዓት ይደርሰዋል፦ ለትንተና 6፣ ለዕቅድና ለመሣሪያ ዝግጅት 8፣ ለትግበራ 10፣ ለግምገማና ለጽሑፍ 6። ኳስ በመስፋት ያሳለፋችሁት ከሰዓትም ይቆጠራል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ በደብተራችሁ ያዙ።

ደረጃ 1፦ የሚቆጠር ጥያቄ ምረጡ

«የተማሪዎችን ተሳትፎ ማሳደግ» ብሎ ማቀድ የተለመደ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ማደጉን በምን ታሳያላችሁ? ጥያቄያችሁ ክፍል፣ ተማሪና የሚቆጠር ነገር ይኑረው። ለምሳሌ፦

- በ7ኛ ሐ ሴት ተማሪዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ኳስ ስንት ጊዜ ይነካሉ?
- ደወል ከተደወለ በኋላ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስኪጀመር ስንት ደቂቃ ይሄዳል?
- የ5ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከዝላይ ሲያርፉ ስንቱ ጉልበቱን አጥፎ፣ ስንቱ እግሩን ገትሮ ያርፋል?
- ከ40 ደቂቃው ውስጥ አንድ ተማሪ ስንቱን በእንቅስቃሴ ያሳልፋል?

መነሻ ለሌለው ሰው የምመክረው የመጨረሻውን ነው፤ የሚቀጥሉት ደረጃዎችም በእሱ ላይ ተመሥርተው ተጽፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት በሚገኙት ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ይህን መሙላት አይቻልም፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው ደቂቃ በወረፋ ማለቅ የለበትም። በሙያው ዘንድ የተለመደው መለኪያ ከክፍለ ጊዜው ቢያንስ ግማሹ በእንቅስቃሴ እንዲያልፍ ነው፤ ከ40 ደቂቃው 20 ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ስታስተምሩ የሚመለከታችሁን ሰው ፈልጉ

ሌላ የስፖርት መምህር ካለ እሱ ወይም እሷ። ከሌለ ክፍት ክፍለ ጊዜ ያለው የሒሳብ ወይም የባዮሎጂ መምህር ይበቃል፤ የሚሠራው መቁጠር ስለሆነ የስፖርት ዕውቀት የግድ አይደለም። አስተማሪው ራሱ እያስተማረ መቁጠር አይችልም። ዓይናችን ጎበዙ ልጅ ላይ ስለሚያርፍ ክፍሉ ሁሉ የተንቀሳቀሰ ይመስለናል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ምን እንደሚቆጠር፣ ውጤቱ በሁለታችሁ መካከል እንደሚቆይ፣ ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ እንደማይውል። ይህን ለርዕሰ መምህሩም ቀድማችሁ አስረዱ። ነጥብ ሊሰጠኝ ነው ብሎ የፈራ መምህር ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ትምህርት ያዘጋጃል፤ ያኔ የምትለኩት ድግሱን እንጂ የዕለት ተዕለቱን አይሆንም።

ጀማሪ መምህር ሆናችሁ አንጋፋውን የምትመለከቱ ከሆነ ነገሩ ሊከብድ ይችላል። «ጋሼ፣ እኔ የማየው ተማሪዋን ነው፤ እርስዎን አይደለም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ለእርስዎ እሰጣለሁ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ወረቀቱንም በእርግጥ ስጧቸው። ቀጥሎ እሳቸው እናንተን ይመልከቱ። ተራው ከሁለቱም ወገን ካልሆነ ቁጥጥር ይመስላል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያውን ልኬት ውሰዱ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ የኋላው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሀ. ከስም ዝርዝሩ ሦስት ተማሪ ምረጡ፦ አንድ በስፖርት የሚበረታ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ወደ ኋላ የሚል። ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ተማሪዎቹ እንዳይነገራቸው፤ ካወቁ የቀን ጠባያቸውን ይለውጣሉ።

ለ. ተመልካቹ ተማሪ 1ን ለ4 ደቂቃ፣ ከዚያ ተማሪ 2ን ለ4 ደቂቃ፣ ከዚያ ተማሪ 3ን ለ4 ደቂቃ ይከታተል። ይህ አንድ ዙር 12 ደቂቃ ነው። ሦስት ዙር 36 ደቂቃ ይሆናል። የቀሩት 4 ደቂቃዎች ለመግቢያና ለመውጫ ናቸው።

ሐ. በየ10 ሰከንዱ ቀና ብሎ ልጁ በዚያች ቅጽበት ምን እያደረገ እንደሆነ አንድ ፊደል ይጻፍ፦

ን = እየተንቀሳቀሰ (ከፈጣን እርምጃ ጀምሮ)
ማ = መምህሩን እየሰማ ወይም ማሳያ እያየ
ወ = ተራ እየጠበቀ
ዝ = መሣሪያ እያመጣ፣ ቦታ እየቀየረ፣ ስም እየተጠራ
ሌ = ሌላ፣ ለምሳሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ

በ4 ደቂቃ 24 ፊደል፣ በክፍለ ጊዜው 216 ፊደል ይገኛል።

መ. «ን» የሚለውን ቁጠሩ። 108 ከሆነ ግማሽ ላይ ናችሁ። ለምሳሌ 54 ቢሆን ሩብ ነው፤ አንድ ልጅ በአማካይ ከ40 ደቂቃ 10 ያህሉን ብቻ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ከዚያ ከቀሩት ፊደሎች የትኛው እንደበዛ እዩ። ብዙ ጊዜ «ወ» ነው። የሦስቱን ልጆች ቁጥር ደግሞ ለየብቻ አስቀምጡ፤ የሚበረታው ልጅ ብዙ «ን» አግኝቶ ወደ ኋላ የምትለዋ ጥቂት ካገኘች ትምህርቱ የጎበዞች ነው።

ሠ. ይህን በሁለት የተለያዩ ክፍለ ጊዜዎች አድርጉ። አንዱ ቀን ዝናብ ሊሆን፣ ሌላው ቀን ግማሹ ክፍል የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዲዮ መቅረጽ ይረዳል፤ ነገር ግን ያለ ርዕሰ መምህሩና ያለ ወላጅ ፈቃድ አትቅረጹ። የተቀረጸውም ቲክቶክ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይወጣም። የወደቀች ልጅ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ያቺ ልጅ ዳግመኛ ሜዳ አትወጣም።

ደረጃ 4፦ በዚያው ቀን ተነጋገሩ

15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ለነገ አይደር፤ የታየው ነገር ይረሳል። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ያስተማረው ይናገር፦ ምን አሰበ፣ ምን ሆነ። ቀጥሎ ተመልካቹ ቁጥሩን ያንብብ፤ አስተያየት ሳይጨምር። በመጨረሻ ሁለታችሁ አንድ ለውጥ ብቻ ምረጡ። ሦስት ነገር ባንዴ ብትቀይሩ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

«በጣም ጥሩ ነበር» የሚለውን ቃል ለሻይ ሰዓት አቆዩት። መምህሩን የሚጠቅመው «በሁለተኛው ዙር ለአራት ደቂቃ ያህል ቆማ ነበር፤ ኳሱ ወደ አጥር ሄዶ ነው» የሚለው ነው።

ደረጃ 5፦ ትምህርቱን እንደገና አዋቅሩ

ለውጡ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ትምህርት ላይ ላሳያችሁ፦ የ7ኛ ክፍል እጅ ኳስ፣ ወደ ዒላማ መወርወር፣ 60 ተማሪ፣ ሁለት ኳስ።

በተለመደው አሠራር ሁለት ሰልፍ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ 30 ልጅ። አንድ ልጅ ለመወርወር፣ ኳሱን ለማምጣትና ለቀጣዩ ለመስጠት 15 ሰከንድ ቢወስድበት፣ ተራው ተመልሶ የሚደርሰው ከ7 ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። በ20 ደቂቃ ልምምድ የሚወረውረው 3 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ሦስት ውርወራ ማንንም መወርወር አያስተምርም።

አሁን 8 የጨርቅ ኳስ ጨምሩና ኳሱ 10 ይሁን። 60ው ልጅ በ6 በ6 ይከፈላል። ተራው በ90 ሰከንድ ይደርሳል፤ በዚያው 20 ደቂቃ እያንዳንዱ 13 ጊዜ ይወረውራል። መምህሩ አልተቀየረም፣ ሜዳውም አልሰፋም። የተጨመረው 8 ካልሲ ነው።

አደራደሩ እንዲህ ይሁን፦

1. በአመድ አንድ ረዥም መስመር አስምሩ። አሥሩም ቡድን ከመስመሩ በአንድ ወገን ቆሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይወርውር። ፊት ለፊት የሚወራወሩ ቡድኖች አታድርጉ፤ ኳስ የሚያነሳ ልጅ በሌላው ኳስ ፊቱን ይመታል።
2. ከመስመሩ 5 ሜትር ላይ ለየቡድኑ ሦስት ሃይላንድ አቁሙ።
3. በየቡድኑ ሁለት ልጅ ለመወርወር ይዘጋጅ፣ ሁለቱ ኳስ ያምጡ፣ አንዱ የወደቀውን ይቁጠር፣ አንዱ ወርዋሪውን ተመልክቶ ይንገር። በየውርወራው አንድ አንድ ቦታ ይሸጋገሩ።
4. ኳስ ለማምጣት ከመስመሩ የሚታለፈው ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ነው። ለአለሎ፣ ለዲስከስና ለጦር ውርወራ ደግሞ ይህ ሕግ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በጨርቅ ኳስ ያልለመደ ልጅ በጦር አይለምደውም።
5. ማሳያችሁ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ሦስት ነገር ብቻ ንገሯቸው፦ ክርን ከትከሻ ከፍ፣ ተቃራኒው እግር ወደፊት፣ ወገብ ይዙር። ተመልካቹ ልጅ የሚናገረውም ከሦስቱ አንዱን ነው። አሥር ነጥብ የተነገረው ልጅ አንዱንም አይዝም።

ቡድን ስትከፍሉ ሁለት አምበል አቁማችሁ እየጠሩ እንዲመርጡ አታድርጉ። ሁሌ መጨረሻ የሚቀረው ልጅ ያው ነው፤ እሱም ያውቀዋል። ቡድኑን ከስም ዝርዝሩ ቀድማችሁ ጻፉና ይዛችሁ ውጡ፤ ስም መጥሪያውንም በዚያው ትጨርሱታላችሁ፦ የየቡድኑ ተጠሪ የቀረውን ይነግራችኋል።

አቅሙ ለተለያየ ልጅ ከአራት ነገር አንዱን ለውጡ፦ ቦታውን፣ ሥራውን፣ መሣሪያውን ወይም አብሮት የሚሠራውን። ከ5 ሜትር ያልቻለች ከ3 ትወርውር። በዊልቸር ያለ ልጅ ሃይላንዱ ቀረብ ይበልለትና ኳስ አምጪ ጓደኛ ይመደብለት። ማየት ለተሳነው ልጅ ኳሱን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ሲንከባለል ስለሚንኮሻኮሽ ድምፁን ይከተላል፤ ዒላማው አጠገብ ደግሞ የሚያጨበጭብ ልጅ ይቁም። «አንተ ተቀመጥና ቁጠር» ማለት ተሳትፎ አይደለም፤ መቁጠሩ ለሁሉም በየተራው የሚደርስ ሥራ ነውና።

ሌሎቹ ፊደሎች ከበዙባችሁ ደግሞ፦

«ማ» ከበዛ፣ ትምህርቱን በማብራሪያ ሳይሆን በእንቅስቃሴ ጀምሩ። ክፍሉ ሜዳ እንደገባ ሌባና ፖሊስ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ይጫወት፤ ማብራሪያው ልባቸው ከሞቀ በኋላ ይመጣል። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር ማረፍንና ሚዛንን እንደሚያስተምር አትናቁት።

«ዝ» ከበዛ፣ መሣሪያውን ከደወሉ በፊት የክበቡ ልጆች ይደርድሩት።

«ሌ» ከበዛ፣ የተቀመጡትን ልጆች በጸጥታ ጠይቁ። ቁርስ ያልበላ፣ ጫማው የተበጠሰ፣ የወር አበባዋ የመጣባት፣ በቀሚስ መሮጥ የምታፍር ትኖራለች። መፍትሔው ለየአንዱ ይለያያል፤ የሚመሳሰለው በሰው ፊት አለመጠየቁ ነው። በዐቢይ ጾምና በረመዳን የሚጾሙትን ቀላል እንቅስቃሴ ስጧቸው፤ ከተቻለ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ወደ ጠዋት እንዲዞር ፕሮግራም አውጪውን ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ያገኛችሁትን ለጉድኝቱ አካፍሉ

በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በአንድ ላይ የተቧደኑ አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት ቦታ፣ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት 90 ደቂቃ ይበቃል። ሁሉም ሰው ቱታ ለብሶ ይምጣ፤ ወንበር አይደርደር። 20 ደቂቃ ኳስ መሥራት፣ 30 ደቂቃ አንዱ አስተማሪ ሆኖ ሌሎቹ እንደ ተማሪ መሥራት፣ 20 ደቂቃ ፊደል መቁጠር መለማመድ፣ የቀረው ለመነጋገር። መምህሩ ራሱ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ 7 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ይገባዋል፤ በወረቀት ሲነገረው ግን አይገባውም።

ክበብ የምታስተባብሩ ደግሞ ከላይኛው ክፍል ሴትና ወንድ እኩል አድርጋችሁ 10 ተማሪ መሪዎችን አሠልጥኑ። ማሟሟቅ መምራት፣ ነጥብ መያዝ፣ መስመር ማስመር፣ የተጎዳ ሲኖር ለማን እንደሚነገር ማወቅ፤ ይኸው ነው። ዳኝነት ቀስ ብሎ ይመጣል። ለእግር ኳስ ቡድናችሁ የፊፋ 11+ ማሟሟቂያን አስተምሯቸው። 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ ሩጫን፣ ጥንካሬንና ሚዛንን ያጣመረ፣ ጉዳትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነው፤ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ መሠራት አለበት። ለታናናሾቹ የተዘጋጀ የልጆች ዓይነትም አለው።

እግረ መንገዴን፦ ክብ ሠርቶ፣ ጣት ነክቶ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ቆሞ መሳሳብን ከሩጫ በፊት የምታሠሩ ካላችሁ ወደ መጨረሻ አዙሩት። ረዘም ላለ ጊዜ ተይዞ የሚቆይ መሳሳብ ወዲያው የሚከተለውን የፍጥነትና የዝላይ ጉልበት ይቀንሳል። ከሩጫ በፊት ጉልበት ማንሳት፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ መምታት፣ ወደ ጎን መንሸራተት ይሻላል፤ ልጁም ቆሞ አይቀዘቅዝም።

ደረጃ 7፦ የደኅንነት ዕውቀታችሁን በየመንፈቀ ዓመቱ አድሱ

ይህ ከዑደቱ ውጪ ይመስላል፤ ግን ማንም መምህር ተሙማውን ያለዚህ እንዲዘጋ አልመክርም። ብዙ ልጅ እንዲንቀሳቀስ ባደረጋችሁ ቁጥር የሚወድቀውም ይበዛል።

- የጎል ብረት መሬት ውስጥ ካልተቀበረ ወይም በከባድ ጆንያ አሸዋ ካልተያዘ ልጅ አጠገቡ አይድረስ። ማንም አይንጠልጠልበት፤ ሲወድቅ ይገድላል።
- ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳው ወዲያው ይለቀቅ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ቆጥራችሁ ብቻ ተመለሱ። ዛፍ ሥር መጠለል የለም።
- ራሱን የተመታ ልጅ፣ ቢድንም ባይድንም፣ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም። ማስታወክ፣ መደንዘዝ፣ የራስ ምታት መባባስ ወይም ግራ መጋባት ካየ ወላጅ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስደው ንገሩ።
- ቁርጭምጭሚት ሲዞር አሳርፉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር እስከ 20 ደቂቃ አድርጉ፣ በፋሻ ያዙ፣ ከፍ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸትና ማሞቅ እብጠቱን ያብሳል። የወለቀ የሚመስል መገጣጠሚያ ማንም አይጎትት፤ እንዳለ ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።
- ራሱን ስቶ የወደቀና በትክክል የማይተነፍስ ሲገጥም፦ እርዳታ አስጠሩ፣ ደረት መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ፍጥነት ጫኑ፤ 30 ጭነት፣ 2 ትንፋሽ። ይህ በማንበብ አይለመድም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ትምህርት ቤታችሁ በደብዳቤ ይጠይቅ። የአምቡላንሱን ቁጥር 907 እና በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ስልክ በሣጥኑ ክዳን ላይ ለጥፉ።
- አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ያለባቸውን ልጆች መስከረም ላይ ከወላጅ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ መዝገቡን ለሌላ አታሳዩ።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛውን ልኬት ውሰዱ

ለውጡን ለአራትና ለአምስት ሳምንት ከሠራችሁበት በኋላ። ክፍሉ ያው፣ ሦስቱ ተማሪዎች እነዚያው፣ ተመልካቹ ያው፣ የደቂቃው አከፋፈል ያው ይሁን። አንዱ ከተቀየረ ልዩነቱ ከለውጣችሁ ይምጣ ከሌላ ነገር ለመለየት አይቻልም። ቁጥሩ ካልጨመረም ይጻፍ፤ «ኳስ ጨመርን፣ ነገር ግን ‹ማ› ስለበዛ እንቅስቃሴው ያው ሆነ» የሚል ወረቀት ለቀጣዩ ዑደት ጥያቄውን ይሰጣችኋል።

ደረጃ 9፦ ፖርትፎሊዮውን አደራጁ

የሥራችሁ ማስረጃ በሚሰበሰብበት በዚህ ማኅደር የሚገባው ጥቂት ነው፦ ጥያቄያችሁ በአንድ አንቀጽ፤ ፊደል የተጻፈባቸው ዋናዎቹ የልኬት ወረቀቶች፣ ጭቃ ቢነካቸውም፤ የበፊቱና የኋላው የትምህርት ዕቅድ ጎን ለጎን፤ ባልደረባችሁ ወይም አማካሪ መምህራችሁ የጻፈው አስተያየት ከፊርማ ጋር፤ የሰዓት መዝገብ፤ ቀጥሎ የምትጠይቁት ጥያቄ። የተማሪ ስም በልኬት ወረቀት ላይ አይጻፍ፤ 1፣ 2፣ 3 ይበቃል። ከበይነመረብ የተገለበጠ ትርጓሜ ገጽ ከመሙላት ሌላ ሥራ የለውም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

በመሸነፍ የሚያስወጡ ጨዋታዎች። በፔፕሲ የተመታ ይወጣል፤ ቀድሞ የሚወጣው ደግሞ ልምምዱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። የተመታው ወጥቶ አምስት ጊዜ ገመድ ዘሎ ይመለስ።

ሩጫን ቅጣት ማድረግ። ያረፈደን «ሜዳውን ሦስቴ ዙር» የምትሉ ከሆነ ሩጫ ቅጣት መሆኑን እያስተማራችሁ ነው።

ኳስ ሰጥቶ ዛፍ ሥር መቀመጥ። ሃያ ወንድ ልጅ ይጫወታል፣ የቀረው ክፍል ተመልካች ይሆናል። በፊደል ቆጠራው ላይ ይህ ወዲያው ይወጣል።

ሰርተፊኬት ማሳደድ። የካፍ የአሠልጣኝነት ደረጃዎች፣ በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በኩል የሚሰጡ ኮርሶችም ጥሩ ናቸው፤ ዕድሉ ከተገኘ ግቡ። ነገር ግን የተመረጠ ቡድን ማሠልጠንና 60 ተማሪ ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከመመዝገባችሁ በፊት «ከዚህ ተምሬ ሰኞ ምን እቀይራለሁ?» ብላችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

በትምህርት ቤቱ ብቸኛ የስፖርት መምህር ከሆናችሁ

ይህ በገጠር በብዛት ያለ ነው፤ ሥራው ግን አይቀርም። ስልኩን በየ10 ሰከንዱ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጋችሁ ከ8ኛ ክፍል ሁለት የክበብ ልጆችን ፊደል አጻጻፍ አለማምዱ፤ በክፍት ክፍለ ጊዜያቸው የ5ኛ ክፍልን ትምህርት ይቆጥሩላችኋል። መጀመሪያ ሁለቱም አንድን ልጅ ለ4 ደቂቃ ይቁጠሩና 24ቱን ፊደሎች አስተያዩ፤ ከ24ቱ 20 ያህሉ ካልተመሳሰሉ የ«ን» እና የ«ወ»ን ልዩነት እንደገና አሳዩአቸው። ደረጃ 4ን ደግሞ በጉድኝቱ ካለ ሌላ የስፖርት መምህር ጋር በስልክ አድርጉት፦ ቁጥሩን አንብቡለት፣ አንድ ለውጥ ምረጡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። እሱም የራሱን ያንብብላችሁ።